የሲኤፍኤ ፈተና ሦስት ደረጃዎችና የማለፊያ መቶኛው የማያሳየው ክብደት

የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከጸደቀና የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር ወር 2017 ዓ.ም በይፋ ከተከፈተ ወዲህ፣ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ የሙያ ማረጋገጫዎችን በአግባቡ መመዘን ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሰው ኃይል ክፍሎችም ተገቢ ጉዳይ ሆኗል። ከእነዚህ ማረጋገጫዎች መካከል በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ሲኤፍኤ የሚባለው የቻርተርድ ፋይናንሻል አናሊስት ማዕረግ አንዱ ነው። ማዕረጉ የሚገኘው ሦስት ተከታታይ የፈተና ደረጃዎችን በማለፍ ሲሆን፣ ከሦስቱ የትኛው ይከብዳል የሚለው ጥያቄ ሠራተኛን ለሚቀጥርም ሆነ ለሥልጠና በጀት ለሚመድብ ኃላፊ ቀጥተኛ ፋይዳ አለው።

ለጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፈጣን መልስ የማለፊያ መቶኛን ማየት ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀውና ዋና መሥሪያ ቤቱ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ሻርሎትስቪል ከተማ የሚገኘው ሲኤፍኤ ኢንስቲትዩት ውጤቶችን በየጊዜው ይፋ ያደርጋል። በዚህም መሠረት እ.ኤ.አ በሰኔ 2019 ለአንደኛው ደረጃ ከተቀመጡት ተፈታኞች 41 በመቶ፣ ለሁለተኛው ከተቀመጡት 44 በመቶ፣ ለሦስተኛው ከተቀመጡት ደግሞ 56 በመቶ አልፈዋል። አኃዙን እንዳለ የሚወስድ ሰው ፈተናው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየቀለለ ይሄዳል ወደሚል ድምዳሜ ሊያመራ ይችላል። ይህ ድምዳሜ ግን የተሳሳተ ነው።

የስህተቱ ምንጭ የተፈታኞቹ ማንነት ነው። ለሁለተኛው ደረጃ የሚቀመጠው አንደኛውን ያለፈ ብቻ ሲሆን፣ ለሦስተኛው የሚቀመጠው ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጣርቶ የቀረ ነው። በ5 ሺህ ሜትር የማጣሪያ ውድድር ወደ ኋላ የቀሩ ሯጮች በፍጻሜው ውድድር አይታዩም። በፍጻሜው ሯጮቹ ተቀራርበው በመግባታቸው ግን ፍጻሜው ከማጣሪያው ይቀላል የሚል የስፖርት ተመልካች አይኖርም። የ2019 ዓመተ ምሕረቱን መቶኛ ይዞ ማስላት ለሚፈልግ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በመጀመሪያ ሙከራ ብቻ የሚያልፉ ቢቆጠሩ ከ100 ጀማሪዎች 41ዱ ወደ ሁለተኛው፣ ከእነርሱም 18 ያህሉ ወደ ሦስተኛው ይሻገራሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት 10 ገደማ ናቸው። ይህ ስሌት ግምታዊ ነው። በተግባር የወደቀው ደግሞ ይፈተናል፣ ያለፈውም አንዳንዴ መንገዱን ያቋርጣል። የሆነ ሆኖ በሦስተኛው ደረጃ የፈተና አዳራሽ የሚገኙት ሰዎች በአንደኛው ከነበሩት ጋር አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን በግልጽ ያሳያል።

መቶኛው ራሱ ሊዋዥቅ የሚችልበትን መጠን ደግሞ የኮሮና ወረርሽኝ ወቅት አሳይቷል። በአንደኛው ደረጃ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2020 የማለፊያው ምጣኔ 49 በመቶ ነበር። በግንቦት 2021 ወደ 25 በመቶ፣ በሐምሌ ደግሞ ወደ 22 በመቶ ወርዷል። በእነዚህ ወራት ውስጥ የትምህርቱ ይዘት በዚያው ልክ አልከበደም። በወረርሽኙ ሳቢያ ፈተናው ተሰርዞና ተራዝሞ የብዙዎች የጥናት ጊዜ ተስተጓጉሎ ነበር። ስለሆነም ስለ ደረጃዎቹ ክብደት ለማወቅ መቶኛውን ትቶ እያንዳንዱ ደረጃ ምን እንደሚጠይቅ መመልከት የተሻለ ነው።

ለንጽጽሩ ቦንድን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። በ2003 ዓ.ም የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ግንባታ ከተጀመረ በኋላ ቦንድ የገዛ የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ በመሆኑ የሰነዱ ጠባይ እንግዳ አይሆንም። በአንደኛው ደረጃ ተፈታኙ የሚጠየቀው በቀጥታ የሚሰላ ነገር ነው። አንድ የ1 ሺህ ብር ቦንድ ለአምስት ዓመት በየዓመቱ 5 በመቶ ወለድ የሚከፍል ቢሆንና ገበያው የሚጠይቀው ወለድ 6 በመቶ ቢሆን፣ የቦንዱ ዋጋ ስንት ነው እንደሚል ዓይነት። ቀመሩን የሚያውቅ ተፈታኝ በሒሳብ ማሽን 957 ብር ከ88 ሳንቲም ያህል አግኝቶ ከሦስቱ አማራጮች ትክክለኛውን ይመርጣል።

በሁለተኛው ደረጃ ያው ቦንድ ሲመለስ አውጪው ድርጅት ከመክፈያው ጊዜ በፊት መልሶ ሊገዛው የሚችል ሆኖ ይቀርባል። ይህ መብት የአውጪው በመሆኑ ቦንዱ ለገዢው ያለው ዋጋ መብቱ ከሌለበት ቦንድ ዝቅ ይላል። ተፈታኙ በምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለማወቅ ወለድ ወደፊት ሊወጣና ሊወርድ የሚችልባቸውን መንገዶች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ዘርግቶ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማስላት ይጠበቅበታል። በሦስተኛው ደረጃ ዋጋውን ማስላት እንደ ተራ ነገር ይታያል። በምትኩ ለጡረተኞቹ በየዓመቱ የሚከፍለው የታወቀ ዕዳ ያለበት አንድ የጡረታ ፈንድ ይቀርብና የትኞቹን ቦንዶች ቢይዝ ወለድ ቢወጣም ቢወርድም ግዴታውን ለመወጣት እንደሚችል ተፈታኙ እንዲወስንና ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይጠየቃል።

ከዚህ አኳያ ሲታይ የአንደኛው ደረጃ ፈተና ክብደት በስፋቱ ላይ ነው። ከሥነ ምግባር፣ ከስታቲስቲክስና ከኢኮኖሚክስ እስከ ሂሳብ መግለጫ ትንተና፣ አክሲዮንና ቦንድ ድረስ አሥር የትምህርት ዘርፎች በአንድ ቀን ይፈተናሉ። 180 ጥያቄዎች በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚመለሱ በመሆናቸው ለአንዱ የሚደርሰው 90 ሴኮንድ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ጥያቄዎቹ እርስ በርስ የተነጣጠሉ ናቸው። በአንዱ የተሳሳተ በሚቀጥለው ይካሳል፤ ለስህተት የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለም ጨርሶ ያላወቀው ተፈታኝ ከሦስት አንዱን የመገመት ዕድል አለው። ብዙ የሚወድቅበት አንዱ ምክንያትም ፈተናውን ቀለል አድርገው በማየት ሳይዘጋጁ የሚቀመጡ በዚህ ደረጃ የሚበዙ መሆናቸው ነው። ተቋሙ ለእያንዳንዱ ደረጃ 300 ሰዓት ያህል ጥናት እንደሚያስፈልግ ይመክራል። ይህም በሳምንት 12 ሰዓት ለሚያጠና ሠራተኛ ስድስት ወር ገደማ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ በብዙ ተፈታኞች ዘንድ ከሁሉም አድካሚው ተደርጎ ይታያል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ፈተናው 88 ጥያቄዎች ሲኖሩት ጥያቄዎቹ በ22 የጉዳይ መግለጫዎች ሥር በአራት በአራት ተከፋፍለው ይቀርባሉ። ጠቅላላው ጊዜ አራት ሰዓት ከ24 ደቂቃ በመሆኑ ለአንድ ጉዳይ የሚደርሰው 12 ደቂቃ ነው። በእነዚህ 12 ደቂቃዎች ውስጥ ተፈታኙ ሰንጠረዦችንና ማስታወሻዎችን ያነባል፣ ከማያስፈልገው አኃዝ የሚያስፈልገውን ይለያል፣ ከዚያም አራት ጥያቄዎችን ይመልሳል።

የትምህርቱ ጥልቀትም ይጨምራል። ለአብነት ያህል በውጭ አገር ቅርንጫፍ ኩባንያ ያለው ድርጅት የቅርንጫፉን ሂሳብ ወደ ራሱ ገንዘብ የሚቀይርበትን ሥርዓት መጥቀስ ይቻላል። ቅርንጫፉ ራሱን ችሎ በአገሩ ገንዘብ የሚሠራ ከሆነ ሀብቱና ዕዳው በሙሉ በሂሳብ መዝጊያው ዕለት ምንዛሪ ይሰላል፤ ልዩነቱም ወደ ካፒታል መደብ ይገባል። የእናት ኩባንያው እጅ ሆኖ የሚሠራ ከሆነ ግን ጥሬ ገንዘብና ዕዳው በመዝጊያው ምንዛሪ፣ ሕንፃና መሣሪያው በተገዛበት ጊዜ ምንዛሪ ተሰልቶ ልዩነቱ በትርፍና ኪሳራ ውስጥ ይታያል። አንድ ኩባንያ በሁለቱ ዘዴዎች ሁለት የተለያየ ትርፍ ሊያሳይ ይችላል ማለት ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም ወዲህ እንዲህ ያለው ጉዳይ ለኢትዮጵያ የሂሳብ ባለሙያዎች የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ሦስተኛው ደረጃ ደግሞ ዓይነቱ የተለየ ነው። ከፈተናው ግማሽ ያህሉ ተፈታኙ ራሱ ጽፎ የሚመልሰው ሲሆን፣ እዚያ ላይ መገመት አይሠራም። አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ ፈንድ ከነገቢውና ከነግዴታው ይቀርባል። የሚፈለገው ትርፍ፣ ሊሸከመው የሚችለው ስጋት፣ የጊዜው ርዝመት፣ ግብሩና ሕጉ ተመዝነው የኢንቨስትመንት መመሪያ እንዲዘጋጅ ይጠየቃል። ቀመሩን በቃሉ የያዘ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። ወስን ተብሎ ሲጠየቅ የሚዘረዝር፣ ምክንያትህን አስረዳ ሲባል ደግሞ ስሌት ብቻ የሚያስቀምጥ ተፈታኝ እያወቀ ነጥብ ያጣል። እ.ኤ.አ ከ2025 ጀምሮ ተፈታኞች በዚህ ደረጃ ከፖርትፎሊዮ አስተዳደር፣ ከግል ሀብት አስተዳደርና ከግል ገበያዎች አንዱን የትኩረት መስክ እንዲመርጡ ተደርጓል፤ የጋራው ክፍል ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ፈተናው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ መሆኑም በዚህ ደረጃ ይበልጥ ይሰማል። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ኢትዮጵያዊ ጥያቄን አንብቦ አማራጭ ለመምረጥ ብዙ አይቸገርም። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አጭርና ቁርጥ ያለ መልስ በእንግሊዝኛ መጻፍ ግን በሥራው ላይ ዕለት በዕለት በአማርኛ ለሚጽፍ ሠራተኛ የተለየ ልምምድ ይጠይቃል። መልሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲሆን የማይገደድ መሆኑ ሸክሙን በመጠኑ ያቀለዋል።

ወደ ላይ ሲወጣ የማለፊያው መቶኛ ከፍ ማለቱ የሁሉም የሙያ ፈተናዎች ጠባይ አለመሆኑን ለመረዳት በኢትዮጵያ የሂሳብ ባለሙያዎች ዘንድ የሚታወቀውን የኤሲሲኤ ፈተና ማነጻጸር ይበቃል። ባለፉት ዓመታት በሥራ ላይ በቆየው የ13 ፈተናዎች ሥርዓት ከመጀመሪያዎቹ አንዱን፣ ማለትም የቢዝነስና ቴክኖሎጂ ፈተናውን፣ ከተቀመጡት ከ80 በመቶ የማያንሱት ሲያልፉ የመጨረሻው ምዕራፍ አካል የሆነውን ከፍተኛ የኦዲት ፈተና የሚያልፉት ከ40 በመቶ በታች ሆነው ቆይተዋል። አቅጣጫው ከሲኤፍኤ ተቃራኒ ነው። በኤሲሲኤ አንድ ተፈታኝ በአንድ ጊዜ በአንድ ትምህርት ሊፈተን ይችላል። ሲኤፍኤ ግን ገና ከበሩ ላይ አሥሩንም ትምህርት በአንድነት ይጠይቃል። ልዩነቱን በዋናነት የፈጠረው የፈተናው አደረጃጀት ይመስላል።

በሁለቱ መካከል ሌላም ልዩነት አለ። በኤሲሲኤ የማለፊያው ነጥብ 50 መሆኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ሲኤፍኤ ግን የማለፊያ ነጥቡን ከፈተናው በፊት አያሳውቅም። ከተሰጠው ፈተና ክብደት ተነስቶ በቂ ዕውቀት ያለው ባለሙያ ምን ያህሉን ሊመልስ እንደሚችል በባለሙያዎች ተገምቶ ነጥቡ የሚወሰነው ፈተናው ከተሰጠ በኋላ ነው። በመስመሩ ዙሪያ የሚገኙ ተፈታኞች ዕጣ ደግሞ በሥነ ምግባር ክፍል ባስመዘገቡት ውጤት ሊወሰን ይችላል። ይህ ድንጋጌ ሥነ ምግባርን ከማዳመቂያነት ያወጣው በመሆኑ ተገቢ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሚወጣው ተግባራዊ ነጥብ አንደኛውን ደረጃ ያለፈና ሁለተኛውን ያለፈ አመልካች በአንድ እርከን የሚለያዩ ብቻ ተደርገው መታየት የሌለባቸው መሆኑ ነው። አንደኛውን ያለፈ የዘርፉን ቋንቋና መሠረታዊ ስሌት የሚያውቅ መሆኑን አሳይቷል። ሁለተኛውን ያለፈ የኩባንያን ሂሳብ መርምሮ ዋጋ ለማውጣት የሚችል ነው፤ ለትንተና ሥራ የሚፈለገው ክህሎትም በአብዛኛው ይኸው ነው። የሌላውን ገንዘብ በኃላፊነት ለማስተዳደር የሚጠየቀው ውሳኔ የሚፈተነው ግን በሦስተኛው ነው። የሥልጠና ወጪ የሚሸፍን መሥሪያ ቤትም ክፍያው በአሜሪካ ዶላር የሚፈጸምና በየሙከራው የሚደገም መሆኑን፣ እንዲሁም አንድ ሰው አንዱን ደረጃ በጠቅላላው ከስድስት ጊዜ በላይ ሊፈተን የማይችል መሆኑን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

በማመልከቻዎች ላይ ሊታይ የሚችል አንድ አገላለጽም ጥንቃቄ ይሻል። የተቋሙ ደንብ ከፊል ማዕረግ የሚባል ነገር አያውቅም። ሁለተኛውን ደረጃ ያለፈ ሰው ማለፉን በእውነትነቱ መግለጽ ይችላል፤ ከስሙ ቀጥሎ ሲኤፍኤ ብሎ መጻፍ ወይም ደረጃውን እንደ ማዕረግ መጠቀም ግን አይፈቀድለትም። ሦስቱንም ያለፈ እንኳ ማዕረጉን የሚያገኘው ቢያንስ በ36 ወራት ውስጥ የተጠናቀቀ የ4 ሺህ ሰዓት ተዛማጅ የሥራ ልምድ አቅርቦ በአባልነት ሲመዘገብ ነው። የማዕረጉ ባለቤት የሆነን ሰው ስም በተቋሙ የአባላት መዝገብ በኢንተርኔት ማጣራት ይቻላል።