ቀጭኑ ሱፍና የሱሉልታ ብርድ

እንጦጦን ተሻግሮ በማለዳ ሱሉልታ የደረሰ ሰው፣ በርኖስ ለምን እንደተሠራ አስረጅ አያሻውም። ሆኖም በርኖስም ሆነ የመንዝ ባና ለትከሻ ይከብዳል፤ ለቢሮማ አይታሰብም። ስኮትላንዶች ታርታን የሚሉት ቀጭን የሱፍ ጨርቅ ግን ለኮትም፣ ለጉርድ ቀሚስም፣ ለመጋረጃም ይሆናል። ባለ ቀለሙ ክር በድሩም በማጉም በአንድ ዐይነት ተራ ይገባል፤ ቀዩ ከአረንጓዴው ሲሻገር ሦስተኛ ቀለም የተጨመረ ይመስላል። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1746 ባወጣው ሕግ የደጋው ወንዶች እንዳይለብሱት ከልክሎ፣ ክልከላው የተነሣው በ1782 ነው። ጨርቅም እንዲህ ይፈራል!

ጥለት የለመደ ሸማኔያችን ይኸንን ተራ ለመከተል አይቸገርም። የጎደለን ክሩ ነው። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ በመሆኑ ለብርድ ልብስና ለምንጣፍ እንጂ ለስስ ልብስ አይመችም። ስለዚህ ታርታን የወደደ ወጣት ለጊዜው በጥጥ ያሠራ እንላለን፤ መልኩን ያገኛል፣ ሙቀቱን ግን አያገኝም።