ተርቦቻርጀር ሲመረጥ፦ ትልቅ ወይስ ትንሽ?

ተርቦቻርጀር ከሞተር በሚወጣው ጭስ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑም በአንድ ዘንግ የተያያዘውን ኮምፕሬሰር አዙሮ ተጨማሪ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ያስገባል። ታዲያ ኩርባ ለሚበዛበት የመኪና ውድድር የትኛው መጠን ይመረጣል?

የሚሽከረከረው ክፍል ቅርጹ ሳይለወጥ ራዲየሱ በእጥፍ ቢያድግ፣ የኢነርሺያ ሞመንቱ 32 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትልቁ ተርቦቻርጀር ፍጥነት እስኪይዝ ይዘገያል። አሽከርካሪው ከኩርባ ሲወጣ ነዳጅ ቢረግጥም ኃይሉ ዘግይቶ በድንገት ስለሚመጣ መኪናው ሊንሸራተት ይችላል። ትንሹ ቶሎ ይነቃል፤ ነገር ግን ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር የጭሱን መውጫ ያጠብበታል።

የሬኖ መሐንዲሶች መፍትሔውን በፎርሙላ ዋን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 በአንድ ትልቅ ተርቦቻርጀር የጀመሩትን ውድድር በ1979 በሁለት ትንንሾች ቀጠሉ። ሁለቱ ጭሱን እኩል ሲካፈሉ የእያንዳንዳቸው ራዲየስ የትልቁ 0.71 ያህል፣ ኢነርሺያቸው ግን 0.18 ያህል ብቻ ይሆናል፤ የጭሱ መውጫም በድምሩ አይጠብም። በዚያው ዓመት ዣን ፒየር ዣቡይ በዲዦን አሸነፈ፤ ይህም በፎርሙላ ዋን የባለ ተርቦ መኪና የመጀመሪያው ድል ነበር።

እንግዲህ መራጩ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ከፍተኛው ኃይል ስንት ነው?» ብሎ ሳይሆን «መኪናው ከኩርባ ሲወጣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል?» ብሎ ነው። ተገቢው ተርቦቻርጀር ከዚያ ፍጥነት አንሥቶ አየሩን በበቂ ግፊት የሚያቀርበው ነው።