አራቱ ባሕርያትና የእህቴ የሳይንስ ደብተር

ታናሽ እህቴ ሰባተኛ ክፍል ናት። ዘንድሮ አስጠኚ ለመቅጠር አቅሙ ስላልነበረን የቤቱ አስጠኚ እኔ ሆንኩ። ደመወዝ የለውም። ራት ከተበላ በኋላ ጠረጴዛው ይወለወልና ጠቅላላ ሳይንስ ይዘረጋል። እማዬ ደግሞ ጥጧንና እንዝርቷን ይዛ አጠገባችን ትቀመጣለች። ለመፍተል ነው የምትለው፤ እኔ ግን ለመስማት ይመስለኛል።

ጥቅምት ላይ አንድ ማታ እህቴ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። የቤት ሥራው አራት ንጥረ ነገሮችን ጻፉ የሚል ነበር። እሷ የጻፈችው መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስ፣ እሳት። አራቱም ላይ ኤክስ።

«ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማሩን እኮ ነው ጋሽዬ! አራቱ ባሕርያተ ሥጋ። ታዲያ ውሸቱ የቱ ነው?»

እማዬ እንዝርቷን አቆመች።

ምን ልበላችሁ፣ ጥያቄውን አውቀዋለሁ። እኔም በእሷ ዕድሜ ተመሳሳዩን ጠይቄ ነበር። ያገኘሁት መልስ «እንዲህ አይጠየቅም» የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ደብተር ያዝኩ። አንዱ የትምህርት ቤት፣ አንዱ የቤተ ክርስቲያን። አንድ ቦርሳ ውስጥ ያድራሉ፣ ግን አይተዋወቁም። ለፈተና አንዱን አወጣለሁ፣ እሑድ ሌላውን። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ቦርሳው ከበደኝና አንዱን ጣልኩት። የትኛውን እንደጣልኩ እማዬን ጠይቋት፤ አምስት ዓመት ሙሉ ቅዳሴ ስቀር ስታለቅስ የነበረችው እሷ ናት። እስከ ዛሬ «ሳይንስ ነው ልጄን የወሰደብኝ» ትላለች። ሳይንስ እኮ አይደለም። ስጠይቅ ዝም መባሌ ነው።

አሁን ተመልሻለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ወሬ ነው። ያን ማታ ግን እማዬ ወደ እኔ ዞር ብላ «እሷንም እንዳትወስድብኝ» ያለችኝ ከቀልድ አልቆጠርኩትም።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ግቢ ወርጄ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ አንድ እፍኝ አፈር ጨመርኩ። ውሃ ሞላንበት፣ እህቴ ደህና አድርጋ ናጠችው፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጥነውና ተኛን። ጠዋት ስናየው አሸዋው ከታች፣ ደቃቁ ከላዩ፣ ከዚያ ጭቃው ተደርድረዋል። የቅጠል ብጥስጣሽ አናቱ ላይ ይንሳፈፋል።

«ይሄ አንድ ነገር ነው?» አልኳት።

«አይደለም። ድብልቅ ነው።»

ሌሎቹም እንደዚያው ተራ በተራ ተፈቱ። ነፋስም ድብልቅ ነው፤ 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን። ውሃ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ውህድ ነው። እሳት ደግሞ ጭራሽ «ነገር» አይደለም፤ ነገሮች ሲቃጠሉ የሚሆን ሂደት ነው። እሱን ለማሳየት ጧፍ ላነሳ ስል እማዬ «እሱን ተወው፣ የቤተ ክርስቲያን ነው!» ብላ ሻማ ሰጠችኝ። ሻማውን ውሃ ያለበት ሳህን ላይ አቁመን ብርጭቆ ደፋንበት። ሻማው ጠፋ፣ ውሃውም ብርጭቆው ውስጥ ከፍ አለ። እኔም በልበ ሙሉነት «አየሽ፣ ኦክስጅኑ አለቀና ውሃው ቦታውን ያዘ» አልኳት። ጻፈችው።

ማታ አልጋዬ ላይ ስልኬን ስነካካ ስህተቴን አገኘሁት። ውሃውን ከፍ የሚያደርገው በዋናነት በሻማው የሞቀው አየር መልሶ ሲቀዘቅዝ መኮማተሩ ነው። ሻማው ሲጠፋም ኦክስጅኑ ገና ሙሉ በሙሉ አላለቀም። በማግስቱ «ትናንት የነገርኩሽ ልክ አልነበረም፣ ሰርዢው» አልኳት። ደስታዋን ብታዩ! ቀይ እስክሪብቶ አምጥታ ኤክስ አደረገችብኝ። እማዬም ሳቀች።

«ውሸቱ የቱ ነው» የሚለው ግን ገና አልተመለሰም። አራቱን ባሕርያት ቤተ ክርስቲያን ከራሷ አላፈለቀቻቸውም። ግሪካዊው ኤምፔዶክሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን አስተማራቸው። አርስቶትል ሙቀትና ቅዝቃዜን፣ እርጥበትና ድርቀትን አከለባቸው። ከዚያ በኋላ የተማረው ዓለም ለብዙ መቶ ዓመታት ተፈጥሮን ያነበበው በእነሱ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ሲሰብክ ስለ እነዚሁ ባሕርያት፣ ስለ ዓሣውና ስለ ወፉ የተናገረው በዘመኑ በነበረው ዕውቀት ነው። የእሱ ደብተር አንድ ነበር። ስለዚህ ለእህቴ እንዲህ አልኳት፦ «ሰንበት ትምህርት ቤት ሰው ከምድር የተሠራ፣ ከሚረግጠው አፈር ጋር ዘመድ መሆኑን ነው የነገሩሽ። እሱን አትሰርዢ። ንጥረ ነገሮቹ ስንት ናቸው ስትባዪ ግን ዛሬ የሚታወቁት 118 ናቸው።»

ሰንጠረዡን ከፍተን የሰውን አካል አየን። ከክብደታችን ኦክስጅን 65 በመቶ፣ ካርቦን 18፣ ሃይድሮጅን 10፣ ናይትሮጅን 3 በመቶ ገደማ ነው። ደመረችና ጮኸች፦ «96 በመቶው አራት ብቻ! ጋሽዬ፣ አራት!»

እዚህ ጋ ነው መጠንቀቅ ያለብን። ይሄ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ቪዲዮ አይሠራበትም አልኳት። ያው እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ቲክቶኩና ቴሌግራሙ በእንዲህ ዓይነቱ «ማስረጃ» ተሞልቷል። ራሷ አንድ ጊዜ ናሳ በኮምፒውተር ሲያሰላ ኢያሱ ፀሐይን ያቆመባትን የጎደለች ቀን አገኘ የሚል ቪዲዮ ይዛልኝ መጥታ ነበር። ወሬው አሜሪካ ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ ሲዞር የኖረ ነው፤ ናሳ እንዲህ ያለ ነገር አላገኘም። ለእግዚአብሔር ተብሎ የሚነገር ውሸት ያናድደኛል። ልጅቷ አንድ ቀን ጎግል ታደርገዋለች፤ ያን ቀን ከቪዲዮው ጋር ሌላውንም አብራ ትጥለዋለች።

ኅዳር ላይ ከክፍሏ ልጆች ጋር አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄዱ። ስትመለስ ዝም ብላለች። ራት ላይ «ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቁጥር ግን ዓለም ከተፈጠረ 7,518 ዓመት ነው» አለች። ትንሽ ቆየችና ደግሞ «ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ከሆነ እሑድን፣ ሰኞንና ማክሰኞን ምን ለካቸው?»

እንዝርቱ እንደገና ቆመ።

ሃይላንዱ አሁንም መስኮቱ ላይ ነበር፣ አመጣሁት። ከታች ያለው ቀድሞ የሰፈረ፣ ከላይ ያለው ኋላ የመጣ። ሐዳር ላይም እንደዚሁ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ የተገኘችበት መሬት የተደራረበ ነው፣ በመካከሉ የእሳተ ገሞራ አመድ አለ። አመዱ ውስጥ ካለው ፖታሲየም የተወሰነው በሚታወቅ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ድንጋይ ሲቀልጥ የቆየው አርጎን ያመልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ዕድሜዋ የተለካው እንዲህ ነው፤ በግምት አይደለም። ሙዚየሙ ውስጥ ያየችው ግን ቅጂዋን ነው፣ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ይቀመጣል። በዚህ ትንሽ ቅር አላት።

ስለ ረቡዕ ያነሳችው ደግሞ የድሮ ጥያቄ ነው። የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመት በፊት አንስቶት፣ እነዚያ ቀናት እኛ እንደምናውቃቸው ያሉ ቀናት አይደሉም ብሎ ጽፏል። ዛሬም ቀኑን 24 ሰዓት ብለው የሚቆጥሩ ክርስቲያኖች አሉ። ረጅም ዘመን ነው የሚሉም አሉ። የሰውን ዘረመል የማንበቡን ፕሮጀክት እንደመራው ፍራንሲስ ኮሊንስ፣ እግዚአብሔር በአዝጋሚ ለውጥ ፈጠረ ብለው የሚያምኑም አሉ። እኔ የአመዱን ልኬት እቀበላለሁ፣ ፈጣሪ እንዳለም አምናለሁ። ይህንኑ ነገርኳት።

እማዬ ምንም አላለችም። በቀጣዩ ሳምንት ግን የንስሐ አባታችን ቤት መጡ። ማን እንደጠራቸው መናገር አያስፈልግም።

አባ ቡናቸውን እየጠጡ እህቴን በደንብ አዳመጧት። ከዚያ «ልጄ፣ ፈተና ላይ እነሱ ያሉሽን ጻፊ፤ በልብሽ ግን የእኛን ያዢ» አሏት።

እማዬ እፎይ አለች። እኔ ግን ሆዴ ተላወሰ። ሁለቱ ደብተሮቼ ጠረጴዛው ላይ መጡ። ለአባት አይመለስም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔን ያራቀኝ ይሄው ነው» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ይህን ሙሉውን እማዬም ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

አባ መስቀላቸውን እየነካኩ ቆዩ። «ስንት ዓመት ነው የቀረኸው?»

«አምስት።»

«ታዲያ ምን ልበላት? መልሱን አላውቀውም ልበላት?»

«አዎ፣ አባ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ወደ እህቴ ዞሩ። «እንግዲህ እኔ ድንጋይ መቁጠር አልተማርኩም። በሦስት ሚሊዮኑም አልስማማም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ግን አላጠናሁትም። ጨረቃ መቁጠር ግን ቆሎ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ እሱን ላሳይሽ። ደብተርሽን አምጪ።»

የሳይንስ ደብተሯን አመጣች። አባ ባሕረ ሐሳብ ጀመሩ። 5,500 ሲደመር 2018፣ 7,518። ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13። አንድ ይቀነስ፣ ወንበሩ 12። በ11 ይባዛ፣ 132። ለ30 ተካፍሎ የሚተርፈው 12፤ የዘንድሮ አበቅቴ እሱ ነው። እህቴ በስልኳ ካልኩሌተር ስትመታ እሳቸው በቃላቸው ቀድመው ይጨርሳሉ። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ለምን በ11?»

«የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው። የጨረቃው 354። በየዓመቱ 11 ቀን ትቀድማለች።»

«354 መሆኑን ማን ለካው?»

እማዬ «ኧረ አንቺ ልጅ!» ስትል አባ በእጃቸው አስቆሟት። «ራሷ ትለካው። ከልደት እስከ ልደት ጨረቃ አንድ ጊዜ 29፣ አንድ ጊዜ 30 ሌሊት ትሆናለች ነው የተባልኩት። ቁጠሪና ንገሪኝ።»

በዚያው ሳምንት እህቴ ሌላም ነገር አገኘች። እኛ አንድ ዓመትን 365 ቀን ከ6 ሰዓት አድርገን እንቆጥራለን፤ እውነተኛው የፀሐይ ዓመት ከዚህ በ11 ደቂቃ ገደማ ያንሳል። በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሆናል። ለአባ ደውላ ስትነግራቸው ስልኩን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሰማሁ። ትንሽ ዝም አሉና «እሱን ለእኔም አስረጂኝ፣ ስመጣ» አሏት።

አሁን በየማታው በረንዳ ላይ ትወጣለች። እማዬ ብርድ እንዳይመታት ነጠላዋን እየደረበችላት አብራት ትቆማለች፤ ቀድማ የምታያትም አንዳንዴ እሷ ናት። እስከ ትናንት 17 ሌሊት ተቆጥሯል። በሁለቱ ደመና ሸፍኖባቸዋል። እህቴ በእነዚያ ሁለት ቀናት ትይዩ ደብተሯ ላይ «አልታየችም» ብላ ጽፋለች።