ኮምፒዩተር ከመንቃቱ በፊት ሂሳብ ይችላልን?

ለመሆኑ ማብሪያውን ከተጫንን በኋላ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ እስኪመጣ ድረስ ማሽኑን የሚመራው ማን ነው? ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ማሽኑን ያሰናዳል፣ ዋናውን ሲስተም ከዲስክ አንሥቶ ሥራውን ያስረክበዋል፣ ከዚያም ገለል ይላል።

በብዙ ራውተሮችና በትናንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ውስጥ ይህን የሚሠራው ዩ-ቡት ነው። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ዴንክ ያሳደገው ይህ ፕሮግራም የዛሬ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን፣ ስሙ የጀርመኖችን ሰርጓጅ መርከብ ያስታውሳል። ዩ-ቡት የራሱ የትእዛዝ መስመር አለው። ሂሳብ ሲያስፈልግ ደግሞ ሴትኤክስፕር የተባለ ትእዛዝ አለ።

ቡትሎደር ሂሳብ ምን ያደርግለታል? ምሳሌ እንውሰድ። 1000 ባይት የሆነ ፋይል በኔትወርክ መጣ እንበል። ሜሞሪ ካርድ የሚጻፍበት ግን በ512 ባይት ብሎክ ነው። 1000ን ለ512 ብናካፍል ዩ-ቡት ቀሪውን ጥሎ 1 ይለናል፤ 488 ባይት ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ በቅድሚያ 511 ይደመራል። 1511 ለ512 ሲካፈል 2 ይመጣል፤ ፋይሉም ሙሉ በሙሉ ይጻፋል። የተጻፈው ራሱ ዋናው ሲስተም ከሆነ የዚህ ስሌት ስህተት ማሽኑን እንዳይነሣ ያደርገዋል።

ሴትኤክስፕር ግን በአንድ ጊዜ አንድ ስሌት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሁለት ቁጥርና በመካከላቸው አንድ ምልክት። ቅንፍ አያውቅም። መደመሩ በአንድ መስመር፣ ማካፈሉ በሌላ መስመር ይጻፋል። በዚያ ላይ ቁጥሩን የሚያነበው በአሥር ሳይሆን በአሥራ ስድስት ቤት ነው። 512 ብሎ የጻፈ ሰው 1298 አለ ማለት ነው፤ 512 ለማለት 200 ብሎ መጻፍ አለበት።

ታዲያ ቅንፍና የስሌት ቅደም ተከተል ቢጨመርለት ምን አለበት? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ዋጋ አለው። ቅንፍ የሚያነብ ፕሮግራም ይረዝማል፤ በረዘመ ቁጥርም ስህተት የሚደበቅበት ቦታ ይበዛል። ቡትሎደር የሚሠራው ደግሞ የዋናው ሲስተም ጥበቃ ገና ሳይነሣ ነው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2020 ይፋ የሆነው ቡትሆል የተባለ ቀዳዳ ለዚህ ምስክር ነው። ግራብ የተባለው ቡትሎደር የማስነሻ ትእዛዞቹን ከፋይል ሲያነብ፣ ከተመደበለት ቦታ የሚበልጥ ረጅም ቃል ቢያጋጥመው ስህተቱን ይናገራል፤ ነገር ግን ሥራውን አያቆምም። ትርፉ ጽሑፍ ከቦታው አልፎ ይፈስሳል። በዚህ ቀዳዳ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የያዘ አጥቂ ሴኪዩር ቡት የተባለውን ጥበቃ ሊያልፍ ይችል ነበር። ጥገናው ሲወጣም አንዳንድ ማሽኖች አልነሣ ብለው ነበር።

እንግዲህ ትምህርቱ «ምንም አትጨምሩ» የሚል አይደለም። ዩ-ቡት ራሱ መልካም መንገድ ያሳያል። ሴትኤክስፕር ፕሮግራሙ ሲገነባ የሚመረጥ ነው፤ የማያስፈልገው ሰው ይተወዋል። አዲስ ስሌት የሚጨምርም ሰው እንዲሁ ለብቻው የሚነቀል ያድርገው፤ ያልገባውን ጽሑፍ ሲያገኝም ገምቶ ከመቀጠል ይልቅ ቀጥ ብሎ ይቁም። ሁለት መስመር መጻፍ ያሰለቻል፤ የማይነሣ ማሽን ግን ከዚያ ይብሳል።