የማያም እብጠት ይበልጥ ያሳስበኛል

ጡታቸው ላይ ያበጠው ነገር ካላመማቸው ብዙ እናቶች ይተውታል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን እሱ ነው። የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። ሲዳሰስ ጠጠር ያለ እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሰርጎድ ሰርጎድ ያለ ቆዳ ወይም የብብት እብጠት ካያችሁ አትቆዩ። የምታጠባ እናትም «ወተት ቋጥሮ ነው» እያለች ወራት አታሳልፍ።

በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው፤ በ30ዎቹ ዕድሜ ያሉትንም ይይዛል። በእናት ወይም በአባት ወገን የታመመ ዘመድ ካለ ስጋቱ ይጨምራል፤ ማጥባት ይቀንሰዋል። ብዙዎቹ ታማሚዎች ግን በቤተሰባቸው የታመመ ሰው የለም።

«ቢላ ከነካው ይሰራጫል» የሚባለው ሐሰት ነው። ሕክምናው ቀዶ ጥገና፣ ኬሞቴራፒና ጨረር፣ እንደ ካንሰሩ ዓይነትም ለዓመታት በየቀኑ የሚዋጥ ታሞክሲፈን ነው። ጨረር ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የሚሰጠው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከላስታ እዚያ መድረስ ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን።

ጠበሉን ተጠመቁ፤ ሕክምናውን ግን አታቋርጡ። የላሊበላና የላስታ እናቶች፣ እብጠት ከዳሰሳችሁ በዚሁ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ባሎችም አብራችኋቸው ሂዱ።