ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ፍረድ

ቢራ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው አንድ መጠጥ ነው፤ ወርቃማ፣ ጥርት ያለ፣ የቀዘቀዘ፣ ነጭ አረፋ የደፋ። አዲስ አበባ ጃምቦውን ይዞ የተቀመጠ ሰው የሚመርጠው የፋብሪካውን ስም እንጂ የቢራውን ዓይነት አይደለም። እኔም ጀርመን አገር፣ ኑርንበርግ ከተማ፣ የአውቶቡስ ሾፌር እስክሆን ድረስ ቢራን የማውቀው በዚሁ መልኩ ነበር። ዛሬ በእረፍት ቀኔ ባቡር ተሳፍሬ የምሄደው ጭስ ጭስ የሚል ቡናማ ቢራ ፍለጋ ነው። ሆምጣጣውንም፣ ጨው የገባበትንም ወድጃለሁ። ይህ ፍቅር እንዴት እንደመጣ መጻፍ የፈለግሁት መንገዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ነው። እግረ መንገዱንም የእናቴን ጠላ በሌላ ዓይን እንዳየው አድርጎኛል።

ጭስ የጠገበ ብቅል

ባምበርግ ከኑርንበርግ በስተሰሜን በባቡር አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ናት። ጥንታዊው ክፍሏ በ1993 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከካቴድራሉ ግርጌ፣ ጠባብ መንገድ ላይ፣ ሽሌንከርላ የሚባል መጠጥ ቤት አለ፤ ቤቱ በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሰው በ1405 ነው። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ታሪኩ ከ1536 የሚጀምረው ሽፔሲያል ይገኛል። ሁለቱም ገብሱን ራሳቸው አብቅለው፣ ራሳቸው ቢች በሚባል ዛፍ እንጨት እሳት ያደርቁታል። ምስጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ብቅል ውኃ ጠጥቶ ማቆጥቆጥ የጀመረ እህል ነው። ቡቃያው በጊዜ ካልተገታ፣ ለጠማቂው ስኳር የሚሆነውን ምግብ ራሱ ይበላዋል፤ ስለዚህ መድረቅ አለበት። እኛ አገር ፀሐይ ይህን በነፃ ትሠራለች። ዝናብና ጭጋግ በሚበዛበት ሰሜን አውሮፓ ግን ለዘመናት በብዛት ያደረቀው እሳት ነው፤ ጭሱም በእህሉ መሐል ያልፍ ነበር። የድሮ ቢራ በብዙ ቦታ ጭስ ጭስ የሚለው ለዚህ ነው። ከ1600ዎቹ ጀምሮ እንግሊዞች ብቅልን በኮክ ከሰል ማድረቅ ጀመሩ፤ ኋላም ትኩስ አየር ብቻ የሚያሳልፍ ምድጃ መጣና ጭሱ ቀስ በቀስ ከቢራ ወጣ። እነዚህ ሁለት የባምበርግ ቤቶች ግን እሳታቸውን አላጠፉም።

በባምበርግ መጠጥ ቤቶች ጠረጴዛ የጋራ ነው፤ ባዶ ወንበር ያየ ሰው ጠይቆ ይቀመጣል። ሽሌንከርላ ዋናው ቢራ ከእንጨት በርሜል በቀጥታ ይቀዳል፤ ብርጭቆው ግማሽ ሊትር ነው፣ አልኮሉ 5.1 በመቶ። መጀመሪያ አፍንጫዬን ያገኘው ጭሱ ነበር። ምላሴ ላይም ጭስ ቀደመ፤ ከዚያ የብቅሉ ጣፋጭነት፣ መጨረሻ ላይ ደረቅ ያለ ምሬት። ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ አጠገቤ የነበሩት አዛውንት «በመጀመሪያው አትፍረድ፤ ሦስተኛው ላይ ፍረድ» አሉኝ። የከተማው ሰው ለእንግዳ የሚሰጠው የታወቀ ምክር ነው፤ ምክንያትም አለው። አፍንጫ አንድ ጠንካራ ሽታ ሲደጋገምበት ይለምደዋል። ጭሱ ወደ ኋላ ሲል፣ ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረው የብቅልና የዳቦ ቅርፊት ጣዕም ብቅ ይላል።

ማታ ደብረ ብርሃን ደወልኩ። እናቴ ጠላ ጠምቃ ነው ያሳደገችን።

«እማ፣ ጭስ ጭስ የሚል ቢራ ጠጣሁ» አልኳት።

«ጋኑን በምን አጥነውት ነው?»

«ጋኑን አይደለም፤ ብቅሉን ነው የሚያጥኑት።»

ትንሽ ዝም አለችና «እህሉን? በርጥቡ ነው በደረቁ?» ብላ ጠየቀችኝ።

የጠማቂ ጥያቄ ነው። መልሱ «በርጥቡ» ነው፤ ገና ያልደረቀ እህል ጭሱን ይዞ ያስቀራል። ሌላም ነገር ነገርኳት። ሽሌንከርላ ካልታጠነ ብቅል የሚሠራው ሄለስ የሚባል ነጣ ያለ ቢራ አለው፤ በዚያው መጥመቂያና በዚያው እርሾ ስለሚያልፍ ብቻ ጭሱ በስሱ ይሰማበታል። ይህን ለእናቴ ማስረዳት አላስፈለገኝም። የታጠነ ጋን ለጠላው ምን እንደሚሰጥ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ወርቃማው ቢራ እንዴት ዓለምን ያዘ?

የዛሬውን መልክ ያገኘነው በ1842 ነው። ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው ፕልዘን ከተማ፣ ዮሴፍ ግሮል የሚባል የባቫሪያ ጠማቂ ጭስ ያልነካውን ፈዛዛ ብቅል፣ የከተማዋን ለስላሳ ውኃ፣ የአካባቢውን ሆፕስና በቅዝቃዜ የሚሠራውን የባቫሪያ እርሾ አገናኘ። ሆፕስ ለፈረንጅ ቢራ ልክ እንደ ጌሾ ምሬት የሚሰጥ ተክል ነው። በዚህ መንገድ የተጠመቀው ቢራ ፒልስነር ተባለ፤ ዓለም ዛሬ በብዛት የሚጠጣው ቢራም የእሱ ዘር ነው።

ሁለት ነገሮች ክንፍ ሰጡት። በ1870ዎቹ ካርል ፎን ሊንደ የማቀዝቀዣ ማሽን ሠራ፤ በቅዝቃዜ የሚፈላው ላገር ከዚያ ወዲህ የክረምት በረዶ ሳይጠብቅ በየትኛውም ወርና አገር ይጠመቅ ጀመር። በ1883 ደግሞ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ አንዲት የእርሾ ሕዋስ ለይቶ አባዛ። ጠማቂዎች እያንዳንዱን ጥምቅ አንድ ዓይነት ማድረግ ቻሉ። በ1922 የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካችን ዛሬ የሚያወጣው ዋናው ቢራም ላገር ነው።

ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ በጋ ላይ ቀዝቃዛ ፒልስነር እኔም እወዳለሁ። ግን ወርቃማው ቢራ ሲስፋፋ ሌሎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ቤልጅየም ውስጥ የሁጋርደን ከተማ የመጨረሻው የስንዴ ቢራ ጠማቂ በ1957 ዘጋ። ጨውና ድምብላል የሚገባበትን ጎዘ የሚጠምቀው የላይፕዚግ የመጨረሻው ቤትም በ1966 ተዘጋ። እንግዳ የምንላቸው ቢራዎች ብዙዎቹ ከለመድነው በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው።

ከአየር የሚመጣ እርሾ

ብራስልስ የአክስቴ ልጅ አለ። እሱን ልጠይቅ ስሄድ አንደርሌክት ሰፈር፣ ከሚዲ ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ካንቲዮን የሚባለውን የቢራ መጥመቂያ ቤት አየሁ። ቤተሰቡ ሥራውን የጀመረው በ1900 ነው፤ ከ1978 ጀምሮ ደግሞ ጎብኚ የሚገባበት ሕያው ሙዚየም ሆኗል። የሚጠምቁት ላምቢክ ነው። አንድ ሦስተኛ ያህሉ ያልበቀለ ስንዴ፣ የቀረው የገብስ ብቅል ነው።

ላምቢክን ልዩ የሚያደርገው እርሾ የማይጨመርበት መሆኑ ነው። የተፈላው ጭማቂ ጣሪያው ሥር ባለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው የመዳብ ገንዳ ውስጥ ክፍቱን ያድራል። የሌሊቱ አየር እያቀዘቀዘው፣ በአየሩና በቤቱ እንጨት ላይ ያሉት እርሾዎች ይገቡበታል። ስለዚህ የሚጠመቀው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ብቻ ነው፤ በበጋ የሚያበላሹት ተሕዋስያን ይበዛሉ። ሸረሪቶች እንኳ አይባረሩም፤ ወደ በርሜሎቹ የሚመጡትን ነፍሳት ይይዛሉና።

ቀጥሎ ቢራው ወደ እንጨት በርሜል ይገባና ዓመታት ይተኛል። መጀመሪያ ተራው እርሾ ስኳሩን ይሠራል፤ ከዚያ አሲድ የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች ያሆመጥጡታል፤ በመጨረሻ ብሬታኖማይሲስ የሚባለው ዝግተኛ እርሾ የተረፈውን እየበላ ልዩ መዓዛ ይሰጠዋል። ይህን እርሾ በ1904 ለዓለም ያስተዋወቀው የካርልስበርግ ተመራማሪ ኒልስ ክላውሰን ነው። የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢክ ተቀላቅሎ በጠርሙስ ሲታሸግ እንደገና ይፈላል፤ ስሙም ጉዝ ይሆናል። ከጎምዛዛ ቼሪ ጋር የተዘፈዘፈው ደግሞ ክሪክ ይባላል።

ጉዙን ፉት ስል ሎሚ፣ ጥሬ ፖምና ድርቆሽ ተሰማኝ። ጣፋጭነት የሚባል አልነበረውም። ዓይን የሚያስጨፍን ነው፤ ምራቅ ግን ያመጣል፣ ብርጭቆውንም እንደገና ያስነሣል። እናቴ ስትሰማ «ሦስት ዓመት? የእኔ ወር ሳይሞላው ሆምጥጦ ይደፋል!» አለች። ልዩነቱ ጥያቄ ያስነሣል። ላምቢክ የሚገባበት ሆፕስ ሆን ተብሎ ዓመታት የቆየ ነው፤ ምሬቱ አልቆ የመከላከል ኃይሉ ቀርቷል። በርሜሉ እስከ አፉ ስለሚሞላ አየር ብዙ አያገኝም። ኮምጣጤ የሚያደርገው ባክቴሪያ ደግሞ ያለ አየር አይሠራም። ሁለቱም ይሆመጥጣሉ፤ የብራስልሱ ግን መሆምጠጡ የት ላይ እንደሚቆም ጠማቂው ያውቃል።

የመለሷቸው ሰዎች

የጠፉትን የመለሱት በአብዛኛው ተራ ሰዎች ናቸው። ሁጋርደን ውስጥ ፒየር ሴሊስ የሚባል የወተት ነጋዴ የልጅነቱን የስንዴ ቢራ በ1960ዎቹ አጋማሽ እንደገና ጠመቀ፤ ድምብላልና የብርቱካን ልጣጭ ያለበት ያ ቢራ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሸጣል። ላይፕዚግ ውስጥ ሎታር ጎልድሃን በ1980ዎቹ ጎዘን አስጠምቆ ወደ ጥንቱ መጠጥ ቤቱ መለሰ። በ1977 እንግሊዛዊው ጸሐፊ ማይክል ጃክሰን፣ ከዘፋኙ ጋር የሚጋራው ስም ብቻ ነው፣ የዓለምን ቢራዎች በየዓይነታቸው የለየ መጽሐፍ አወጣ። ቢራን በዓይነቱ የመጥራት ልማድ በብዙ አገር የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በአሜሪካ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅን የሚፈቅድ ሕግ ፈረሙ። በ1970ዎቹ መጨረሻ አገሪቱ የነበሯት የቢራ ኩባንያዎች መቶ አይሞሉም ነበር፤ ዛሬ ጠማቂዎቿ ከ9,000 በላይ ናቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ

ከእኔ መንገድ የተማርኩትን ላካፍል። እንግዳ ቢራ በትንሽ ብርጭቆ ይጀመር፤ ከጓደኛ ጋር አንድ ጠርሙስ መካፈል ይበቃል። ከማቀዝቀዣ እንደወጣ አይጠጣ። ከባድ ብርድ ምላስን ያደነዝዛል፣ መዓዛውንም ያፍናል፤ ጥቁሩና የታጠነው ቢራ ትንሽ ሲሞቅ ነው የሚናገረው። ቀድሞ ይሽተት። ከምግብ ጋር ይሞከር፦ ጭሱ ከጥብስ ጋር፣ ሆምጣጣው ከዓሣ ወይም ከአይብ ጋር ይስማማል። አዛውንቱ ያሉት ሦስተኛ ብርጭቆም በዚያው ምሽት መሆን የለበትም፤ በሌላ ሳምንት ቢሆን ምላስ አይረሳም። እኔ በማግስቱ የአውቶቡስ መሪ ስለምይዝ በሥራ ዋዜማ አልቀምስም። መኪና የሚነዳ ሁሉ ይህን እንዲጠብቅ እለምናለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን «እንዴት ተሠራ?» ብሎ መጠየቅ ይረዳል። ጭሱ ከየት እንደመጣ፣ መሆምጠጡ ስንት ዓመት እንደፈጀ ካወቅሁ በኋላ ምላሴ ራሱ ታገሠ። የሰው ልፋት የገባበትን ጣዕም መውደድ ቀላል ነው።

ጠላን በዚህ ሚዛን

አሁን እናቴን ተመልከቱ። ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥናለች። ገብሱን እስኪጠቁር ቆልታ አሻሮ ታደርገዋለች። ብቅሉን ራሷ ታበቅላለች፤ ጌሾውን ትወቅጣለች። የገበያ እርሾ አታውቅም፤ በእህሉ፣ በጌሾውና በጋኑ ያለው ይበቃታል። ጥንስስ፣ ድፍድፍ፣ ጉሽ፣ ቅራሪ፤ እያንዳንዱ ደረጃ ስም አለው፣ ጊዜ አለው። ባምበርግ ስለ ጭሱ፣ ብራስልስ ስለ አየሩ እርሾ ሰው ከሩቅ ይመጣል። ሁለቱም በአንድ ጋን ውስጥ እናቴ ጓዳ አሉ። ጎንደር ኮረፌ አለው፤ በደቡብ ቦርዴና ሻሜታ አሉ። ቤልጅየም የቢራ ባህሏን በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ያስመዘገበችው፣ የየመንደሩን ጥምቅ እንደ ሀብት ስለቆጠረች ነው።

ፋብሪካዎቻችን የተለየ ነገር መሥራት አይችሉም አልልም፤ ሐረር ቢራ ሐኪም የሚባል ጥቁር ስታውት አውጥቶ ነበር። በወይራ የታጠነ ብቅልና በጌሾ የመረረ ቢራ የሚሞክር ጠማቂ ቢነሣ፣ እኔ ከኑርንበርግ መጥቼ እሰለፋለሁ። እስከዚያው ግን ሁላችንም የምንችለው ሥራ አለ። እናቴ መለኪያዋ እጇ ነው፤ እኔና እህቴ እሷ ስትጠምቅ በጣሳ እየለካን መጻፍ ጀምረናል። ጋኑ በምን ታጠነ፣ ስንት ጊዜ፤ አሻሮው ምን ያህል ጠቆረ፤ ጌሾው ቅጠሉ ነው ወይስ እንጨቱ፤ ድፍድፉ ስንት ቀን ተኛ። እናቱ፣ አክስቱ ወይም ጎረቤቱ ጠላ የምትጠምቅ አንባቢ ሁሉ ይህንኑ ቢያደርግ ደስ ይለኛል። ጎዘ ከሃያ ዓመት ዝምታ በኋላ ሲመለስ፣ ጣዕሙን የሚያስታውሱ ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ። ጠላን የሚያውቁት ደግሞ ዛሬ ከእኛ ጋር ናቸው፤ ዛሬውኑ እንጠይቃቸው።