ጨዋታም ለየቲም ልጅ ስንቅ ነው



የቲምን ስለ መርዳት ሲነሣ በቅድሚያ የምናስበው ምግቡን፣ ልብሱንና ደብተሩን ነው፤ ተገቢም ነው። ሆኖም አባቱን ያጣ ሕፃን ጠግቦ እያደረም ዝምተኛ ሊሆን፣ ከእኩዮቹም ሊርቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ከሚያጽናኑት ነገሮች አንዱ ከአሳዳጊው ጋር የሚጫወተው ጨዋታ ነው። ለዚህ ደግሞ ገንዘብም ሆነ ዝግጅት አያሻም።

ከትንሽ ልጅ ጋር መጫወትን እንደ ዋዛ የሚቆጥሩ አሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን አቡ ዑመይር የተባለውን ትንሽ ልጅ ስለሚጫወትባት ወፍ እያዋዙ ይጠይቁት እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። የልጅ ልጃቸው በሱጁድ ላይ ሳሉ ጀርባቸው ላይ በወጣ ጊዜም እስኪበቃው ድረስ ሱጁዱን ማርዘማቸውን ነሳኢ አስተላልፈዋል። እርሳቸውም የቲም ሆነው ያደጉ ነበሩ።

የዘመኑ ዕውቀትም ይህንኑ ይደግፋል። በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ በምግብ እጥረት የቀነጨሩ ሕፃናት ወዳሉባቸው ቤቶች የጤና ሠራተኞች በየሳምንቱ ለ2 ዓመት እየሄዱ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እንዲጫወቱ አስተማሩ። መጫወቻዎቹ በቤት ከሚገኝ ነገር የተሠሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ክትትል እንዳሳየው፣ ከ20 ዓመት በኋላ የእነዚህ ልጆች ገቢ ይህን ካላገኙት አቻዎቻቸው በ25 በመቶ ያህል በልጦ ተገኝቷል።

በሐሙሲትና በፎገራ ሜዳ ለሚኖር ቤተሰብ መጫወቻው በደጁ ነው። ለጨቅላው፣ ፊትን በነጠላ ሸፍኖ መግለጥ ይበቃል፤ የተሰወረ ፊት ተመልሶ ሲመጣ ደጋግሞ ማየቱ ልቡን ያረጋጋዋል። ሁለትና ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ላም ይሁን፣ አያቱም እረኛ ትሁንለት፤ ከጭቃም ጥጆች ይሥሩ። ከፍ ላለው ደግሞ ሩዝ እየለቀማችሁ እንቆቅልሽ በሉት፦ «በውኃ ይበቅላል፣ በውኃ ይበስላል፤ ምንድን ነው?» መልሱ በእጃችሁ ያለው ሩዝ ነው። እቃቃ ሲጫወት ደግሞ የከተማችን ስም የተገኘበትን የሐሙስ ገበያ በደጃፉ ያቁም፤ ጠጠሩ ገንዘብ፣ ቅጠሉ ሸቀጥ፣ አክስቱ ገዢ ይሁኑ። ሳያውቀው መቁጠርንና ቃል መለዋወጥን ይማራል።

ጨዋታውን የሚመራው ልጁ ነው። እንጨቱን «ፈረስ ነው» ካለ ፈረስ ነው፤ አናርመው። ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ባለው ጊዜ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ብንሰጠው ብዙ ነው። ጠጠርንና ጥራጥሬን ግን ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አንስጥ፤ ሊያንቀው ይችላልና።

አንድ ብርቱ ነገር እንጨምር። የቲም ልጅ አሻንጉሊቱን ሊቀብር፣ «አባባ ሄደ» እያለ ሊጫወት ይችላል። ብዙዎቻችን ሟርት መስሎን እንቆጣለን። ይህ ግን ሟርት አይደለም፤ በአንደበቱ ሊናገረው ያልቻለውን ሐዘን በእጁ እየተናገረ ነው። በአጠገቡ ቁጭ ብለን፣ ሳንቸኩል «ከዚያስ?» ብለን እንጠይቀው። ያንኑ ጨዋታ ለሳምንታት ሳይቀይር ከደጋገመ፣ እንቅልፍም ካጣ፣ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ሀገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ ጨዋታን የልጅ መብት አድርጎ ደንግጓል። እንግዲህ ለየቲሞች የምትለግሱ ወገኖቻችን፣ ቤተሰቡን ስትጠይቁ «ምን ጎደለ?» ከሚለው ጋር «ልጁ ከማን ጋር ይጫወታል?» ብላችሁም ጠይቁ። «ከማንም» የሚል መልስ ካገኛችሁ፣ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን አብራችሁት ተጫወቱ፤ ያም ሰደቃ ነው።

አላህ የየቲሞችን ልብ ይጠግን፤ አሳዳጊዎቻቸውንም በመልካም ይመንዳ። አሚን።